ንቧ የሁለት ገበያ ሠራተኛ ናት

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲያለብስ፣ የመርጡለ ማርያም አካባቢ ንብ አናቢ ዓይኑ ከቀፎው አይነቀልም። ዋናው ማር ቆረጣ ጥቅምትና ኅዳር ነውና። ማሩ ከነሰፈፉ ገበያ ይወርዳል፤ ደህና ገዢው ደግሞ ጠጅ ጣይ ነው። ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አንደኛ ሆና ሳለ ወደ ውጭ የምትልከው ጥቂት የሆነው አንድም አብዛኛው ማር ጠጅ ጋን ውስጥ ስለሚገባ ነው።

ከጋኑ ላይ የሚገፈፈው ሰፈፍም አይጣልም፤ ቀልጦ ተጣርቶ ሰም ይሆናል። እቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ባሳነጹባት መርጡለ ማርያም ደግሞ ሰም ማለት ጧፍ ነው። የሚገርመው፣ ዘመናዊው ቀፎ ማሩን ሲያበዛ ሰሙን ያሳንሳል። ማሩ በማሽን ተሽከርክሮ ከወጣ በኋላ የማር እንጀራው ለንቦቹ ይመለሳላ! ለእነሱ ግን እፎይታ ነው፤ 1 ኪሎ ሰም ለመሥራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ።

«አውራ» የምትባለው ንብም በስሟ አትመዘንም። ወንድ ሳትሆን እናት ናት፤ አበባ በሞላበት ወቅት በቀን 1,500 ያህል እንቁላል ትጥላለች። ወንዱ ድንጉላ ሲሆን ማር አያመጣም። አበባ ስትቀስም የምትውለው ሠራተኛዋ በሥራ ወቅት ዕድሜዋ 6 ሳምንት ገደማ ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የምታስገባው ማር አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳን አይሞላም። በኪሎ ዋጋ የሚከራከር ሸማች ይህን ቢያስብ አይከፋም።

ሚዛን ላይ የማይወጣው ሥራዋ ግን ኑግ ማሳ ውስጥ ነው። ኑግ በራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ነፍሳት ያሻዋል፣ ከእነዚህም ዋነኛዋ ንብ ናት። ንብ የጠፋበት ማሳ አበባው ያማረ፣ ፍሬው የሳሳ ይሆናል። ዘይት ጨማቂው የሚገዛው ደግሞ ፍሬውን እንጂ አበባውን አይደለም።

ይህችን ባለውለታ እየጨረሳት ያለው የመርጫ ኬሚካል ነው። አረም ማጥፊያው እንደ መች ያለውን፣ ለገበሬው አረም ለንቧ ግን ቀለብ የሆነውን ተክል ያደርቃል። ተባይ ማጥፊያ በቀትር አበባ ላይ ሲረጭ ደግሞ ንቧን እዚያው ይገድላታል። ንቦች ቀፏቸው ከገቡ በኋላ አመሻሽ ላይ መርጨት፣ ለጎረቤት ንብ አናቢም ቀድሞ መንገር ገንዘብ አይጠይቅም።

ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ግን ሽማግሌም ካሳ ለመቁረጥ ይቸገራል። ንብ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ርቃ ትቀስማለችና፣ የገደላት የማን መርጫ እንደሆነ ማን ይለያል?