ከሽግሽጉ በኋላ የተወለዱት

በባሕር ዳር ዙሪያ፣ ዘንዘልማም ሆነ ሰባታሚት፣ አንድ ገበሬ ስንት ጥማድ እንዳለው ለማወቅ መቼ እንደተወለደ መጠየቅ ይበቃል። በጎጃም የእርሻ መሬት በሰፊው ለመጨረሻ ጊዜ የተሸጋሸገው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ዕድሜው የደረሰ ድርሻውን ያዘ፤ ያልደረሰውና ያልተወለደው ቀረ።

ሽግሽጉ ቂም ትቶ አልፏል። በደርግ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሹም የነበረው «ቢሮክራሲ»፣ የቀድሞው ባለርስት «ፊውዳል» እየተባለ አራት ጥማድ፣ ማለትም አንድ ሄክታር ብቻ ሲተውለት፣ ሌላው እስከ ሦስት ሄክታር መያዝ ይችል ነበር። መሬት የለሽ ለነበሩ ብዙዎች፣ ለእማወራዎችም ጭምር ማሳ አስገኝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። የቤተሰብን እንጀራ በፖለቲካ ሚዛን መስፈር ግን በደል ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ መሰጠት የጀመረው አረንጓዴ የመሬት ይዞታ ደብተር መሬቴን እነጠቃለሁ የሚለውን ስጋት አረገበው። የባልና የሚስት ስም ከነፎቶው አብሮ ሰፈረ። በሬ የሌላት እማወራም መሬቷን ለእኩል ስትሰጥ አራሹ ይወስድብኛል የሚለው ፍርሃቷ ቀለል አለ። ሆኖም ደብተሩ ያጸናው የያዘውን ነው። ላልያዘው ወጣት የቀረለት ከአባቱ ማሳ ቆርሶ መቀበል፣ የእኩል ማረስ ወይም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ መውረድ ነው። የእኩል እርሻውም በሬ ይጠይቃል፤ ጥንድ በሬ ለሌለው ማን መሬት ይሰጣል?

በዚህ ላይ ከተማው እየሰፋ ማሳውን ሊወስድ ይመጣል። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 ለቋሚ ተነሺ የዓመት ገቢውን 10 እጥፍ ካሳ ወሰነ፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ አሳደገው። ማሻሻያው ትልቅ ነው። ነገር ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት ስለማይሸጥ ገበሬው በካሳው ሌላ ማሳ መግዛት አይችልም። ያው ማሳ ተሸንሽኖ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ የሚያወጣው ዋጋም የእርሱ አይደለም። የካሳው ገንዘብ የሚከፈለው ደግሞ ለባለደብተሩ ነው። ከአባቱ ጋር ሲያርስ የኖረው፣ ሚስት ያገባው፣ ልጅ የወለደው ልጅ የሚወርሰውን አጥቶ በባሕር ዳር ከተማ፣ ፋሲሎ ውስጥ የቀን ሥራ ይፈልጋል።

የ2011ዱ አዋጅ ተነሺዎች መልሰው እንዲቋቋሙ ያዛል። እንግዲያው የመቋቋሚያው መዝገብ ደብተሩን ብቻ አይገልብጥ። ከዚያ ማሳ የሚበሉትን አዋቂ ልጆች በስማቸው ይመዝግብ፤ ከሊዙ ገቢም ድርሻ ይቁረጥላቸው።