ዴሬክ ፕሪንግል፦ ናይሮቢ ተወልዶ በእንግሊዝ የካውንቲ ክሪኬት የከረመው ኳስ ወርዋሪ

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1985፣ በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ ኤሴክስና ኖቲንግሃምሻየር ለዋንጫ ተፋጠጡ። ሊጠናቀቅ 6 ኳስ ብቻ በቀረው ጨዋታ ኖቲንግሃምሻየር ለማሸነፍ 18 ነጥብ ያስፈልገው ነበር። የመጨረሻውን ዙር የመወርወር ኃላፊነት የወደቀው በዴሬክ ፕሪንግል ላይ ነው። የተቃራኒው ቡድን መቺ ዴሬክ ራንዳል በ5 ኳሶች 16 ነጥብ ሰበሰበ። አንድ ኳስና 2 ነጥብ ቀረ። ራንዳል ኳሱን ለመምታት ወደ ጎን እየሸሸ ስፍራ ሲያመቻች መቆየቱን ያስተዋለው ፕሪንግል፣ የመጨረሻዋን ኳስ ወደሸሸበት አቅጣጫ ላካት። ራንዳል መታት፤ ኳሷ ግን አየር ላይ ሳለች በኤሴክስ ተጫዋች እጅ ገባች። ኤሴክስ በ1 ነጥብ ልዩነት ዋንጫውን ወሰደ።

በክሪኬት ወርዋሪው የሚመዘነው ስንት መቺዎችን ከጨዋታ እንዳስወጣና ለዚያም ስንት ነጥብ እንደከፈለ ተሰልቶ ነው። መቺን ማስወጣት ‘ዊኬት’ ይባላል። ፕሪንግል በፍጥነት ከሚያስፈሩት ወገን አልነበረም። እንደ እርሱ ያሉት መካከለኛ ፍጥነት ያላቸው ወርዋሪዎች ዋና መሣሪያቸው የኳሱ ስፌት ነው። የቆዳው ኳስ በወገቡ ዙሪያ ጎልቶ የወጣ ስፌት አለው፤ ይህ ስፌት መሬት ሲነካ ኳሱ በድንገት አቅጣጫ ሊለውጥ ይችላል። ተጫዋቾቹ የኳሱን አንድ ጎን በልብሳቸው እያሹ ሲያለሰልሱ ሌላው ጎን ደግሞ እየሻከረ ይሄዳል፤ በዚህ ልዩነት ሳቢያ ኳሱ አየር ላይ ይታጠፋል። የእንግሊዝ ደመናማ ሰማይና እርጥብ ሣር ለዚህ ሙያ የተመቹ ናቸው። ወደ 1 ሜትር ከ95 የሚጠጋው የፕሪንግል ቁመትም ኳሱ ከመሬት በደንብ እንዲነሳ ያግዘው ነበር።

ፕሪንግል የተወለደው በ1958 ናይሮቢ ውስጥ ነው። አባቱ ዶን ፕሪንግልም ወርዋሪ ነበር። በ1975 እንግሊዝ ባዘጋጀችው የመጀመሪያው የወንዶች የክሪኬት የዓለም ዋንጫ ኬንያ፣ ኡጋንዳ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ‘ምሥራቅ አፍሪካ’ በሚል ስም አንድ ቡድን ሆነው ሲቀርቡ፣ ዶን ከተሰላፊዎቹ አንዱ ሆነ። አብዛኞቹ የቡድኑ አባላት የእስያ ዝርያ ያላቸው የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ። ቡድኑ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈ። ዛሬ የክሪኬት ኃያል የሆነችው ህንድ በዓለም ዋንጫ የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችው ይህን ቡድን ረትታ መሆኑን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ውድድሩ ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ ዶን ናይሮቢ ውስጥ በመኪና አደጋ ሕይወቱ አለፈ። ልጁ ዴሬክ ያኔ ገና 17 ዓመቱ ነበር።

ዴሬክ በእንግሊዝ ኤሴክስ ግዛት ፌልስተድ ትምህርት ቤት ተምሮ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለኤሴክስ መሰለፍ የጀመረው በ1978 ነው። በ1982 የዩኒቨርሲቲው ቡድን አምበል ሳለ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተመረጠ። ከኦክስፎርድ ጋር የሚደረገውን ዓመታዊ ግጥሚያም ለዚሁ ሲል ተወው።

የብሔራዊ ቡድን ሕይወቱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ለበርካታ ቀናት በሚዘልቀው የ‘ቴስት’ ጨዋታ 30 ጊዜ ተሰልፎ 70 ዊኬት ሲያገኝ፣ ለእያንዳንዱ በአማካይ 36 ያህል ነጥብ ከፍሏል። አንዴ ሲመረጥ አንዴ ሲጣል ዓመታት ነጎዱ። ይህን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ተራ ተጫዋች ነበር ብሎ ሊያልፈው ይችላል። በኤሴክስ ያሳለፈው ዘመን ሲታይ ግን ፍርዱ ሚዛን ይጎድለዋል። በ‘መጀመሪያ ደረጃ’ ጨዋታዎች በጠቅላላው ከ700 በላይ ዊኬት ያገኘ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ዋጋ በአማካይ 27 ነጥብ ገደማ ነው። ከዚህም ሌላ በመቺነት ከ9 ሺህ በላይ ነጥብ አስቆጥሯል።

በ1980ዎቹ የካውንቲ ወርዋሪ መሆን ጉልበት የሚጨርስ ሥራ ነበር። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ጨዋታው ፋታ አይሰጥም። የሦስት ቀኑ ግጥሚያ እሑድ ላይ ተቋርጦ የአንድ ቀን ጨዋታ በመሐል ይገባል፤ ሰኞ ደግሞ የተቋረጠው ይቀጥላል። በየኳሱ ሮጦ መጥቶ የፊት እግሩን መሬት ላይ የሚተክል ሰው ወገቡ፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ የሚሸከሙትን መገመት አይከብድም። ከ1979 በፊት የካውንቲ ሻምፒዮና ዋንጫ አንስቶ የማያውቀው ኤሴክስ፣ እስከ 1992 ባሉት ዓመታት 6 ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል።

በቴስቱም ቢሆን ብርሃን የፈነጠቀባቸው ቀናት ነበሩ። በ1991 ሊድስ ላይ እንግሊዝ ዌስት ኢንዲስን ስትገጥም አምበሉ ግርሃም ጉች ብቻውን 154 ነጥብ አስቆጠረ። ከጎኑ የቆመው ፕሪንግል ያስቆጠረው 27 ብቻ ነው። ሁለቱ አብረው የጨመሩት 98 ነጥብ ግን ጨዋታውን ለወጠው። እንግሊዝ በሜዳዋ ዌስት ኢንዲስን ስታሸንፍ ከ1969 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በ1992 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ እንግሊዝና ፓኪስታን ሜልቦርን ላይ ከ87 ሺህ በላይ ተመልካች ፊት ተገናኙ። ፕሪንግል የፓኪስታንን ሁለቱንም የመክፈቻ መቺዎች አሰናበተ፤ የፓኪስታን ነጥብ ገና 24 ነበር። ቀጥሎም ጃቬድ ሚያንዳድ እንጨቶቹን ሊመታ የነበረውን ኳስ በእግሩ አግዷል ሲል ለዳኛው አቤት ቢልም ተቀባይነት አላገኘም። ውሳኔን በምስል የማስመርመር አሠራር ያኔ አልነበረም። ጃቬድ 58፣ አምበሉ ኢምራን ካን ደግሞ 72 ነጥብ አስቆጠሩ። ፕሪንግል በወረወራቸው 10 ዙሮች 22 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ 3 ዊኬት ቢያገኝም፣ ዋንጫውን በ22 ነጥብ ልዩነት ያነሳችው ፓኪስታን ናት። አባቱ በዓለም ዋንጫ ከተሰለፈ 17 ዓመት ሆኖት ነበር።

ፕሪንግል በ1993 ጨዋታ አቁሞ ወደ ጋዜጠኝነት ዞረ። በኢንዲፔንደንት፣ ኋላም በዴይሊ ቴሌግራፍ ጋዜጦች የክሪኬት ዘጋቢ ሆኖ ለዓመታት ሠራ። በ2018 ደግሞ የተጫወተበትን የ1980ዎቹን የክሪኬት ዘመን የሚተርክ መጽሐፍ አሳትሟል።