መንገደኛው በረኛ

መቻራ ላይ ልጆች ኳስ ተጫውተው ሲበተኑ በረኛው የትኛው እንደነበር መጠየቅ አያስፈልግም፤ ልብሱ ይናገራል። ከተማዋ ያለችበት የዳሮ ለቡ ወረዳ አፈር ቀይ ነው። የሌሎቹ እግር ብቻ ሲቀላ እሱ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቶ ይመለሳል። ቋሚዎቹ ሁለት ድንጋዮች ናቸው፤ አግዳሚ ስለሌለ የጎሉ ቁመት የሚለካው በክርክር ነው። «ከራሱ በላይ ነው የሄደው!» ይላል አንዱ፤ «አቦ፣ እጁን ቢዘረጋ ይነካው ነበር!» ይላል ሌላው። በረኛው ዳሌው እንዳይላጥ ሱሪው ውስጥ ስፖንጅ ወትፎ ፍርዱን ይጠብቃል። ልብ ብሎ ላየው ግን አንድ ነገር ያስተውላል፦ ብዙ ጊዜ የሚቀላው አንዱ ጎኑ ብቻ ነው። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

በጋዜጣ «ግብ ጠባቂ» እንለዋለን፤ በሰፈር ግን «በረኛ» ነው። የሰፈሩ ስም ይበልጥ ይገልጸዋል፤ በረኛ ማለት በር ላይ ቆሞ የሚውል ሰው ነውና። የሚገርመው ግን ሥራው አንድ ቦታ መቆም የሆነው ይህ ሰው፣ በእግር ኳስ ውስጥ ሻንጣቸውን ደጋግመው ከሚሸክሙት አንዱ መሆኑ ነው። ከክለብ ክለብ፣ ከአገር አገር የሚዞር በረኛ ሲያጋጥመን «አልተሳካለትም» ብለን እናልፈዋለን። ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ግን እንዲህ አይፈርድም።

ጎሉ 7.32 ሜትር ስፋት፣ 2.44 ሜትር ቁመት አለው። ፍጹም ቅጣት ምት ከ11 ሜትር ይመታል፤ ኳሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ከበረረ መስመሩ ላይ ለመድረስ ከሴኮንድ ግማሽ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አይቶ፣ ወስኖ፣ ዘሎ መድረስ ከባድ ስለሆነ በረኛ አስቀድሞ የመቺውን አቋቋም ያነባል። በጨዋታ መሃል ደግሞ አጥቂው ብቻውን ሲመጣ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ኳሱ ይጠጋል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ መዳፋችሁን ወደ ዓይናችሁ ብታስጠጉ ተራራ ይሸፍናል፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ብታርቁት ግን ጎጆ ለመሸፈንም አይበቃም። በረኛም ለአጥቂው ዓይን እንደዚያ መዳፍ ነው። አወጣጡን ትንሽ ካዘገየ ኳሱ በጎኑ ያልፋል፤ ከቸኮለ በራሱ ላይ ይነሳል።

የስደቱ ምንጭ ግን ችሎታ ሳይሆን ሒሳብ ነው። አንድ አማካይ ቋሚ ባይሆን በ70ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ይገባል፤ ቦታ ለውጦ ተከላካይ ሊሆንም ይችላል። በረኛ ይህ ዕድል የለውም። ጎሉ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው በረኛ ካልተጎዳ ወይም ቀይ ካርድ ካላየ ሁለተኛው ማሊያውን ሳያቆሽሽ ዓመቱ ሊያልቅ ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ 16 ክለቦች ነበሩት። እያንዳንዱ ሦስት በረኛ ይዟል ብንል 48 ሰዎች ለ16 ቦታ ይጠባበቃሉ ማለት ነው። የቀሩት 32 ምርጫቸው ሁለት ነው፤ ቤንች ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፣ አለዚያም ሻንጣ ማንሳት።

በዚያው ዓመት ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ካለው ከፍተኛ ሊግ ገና ያደገው ጅማ አባ ጅፋር ቅዱስ ጊዮርጊስን በግብ ክፍያ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚያ ቡድን ሲወራ ጎል አግቢው ኦኪኪ አፎላቢ ቀድሞ ይነሳል። የጎሉን በር የጠበቀው ግን ጋናዊው ዳንኤል አጄይ ነበር፤ የዚህን ሰው መንገድ ማወቅ ደግሞ ተገቢ ነው። በ2002 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ካይሮ ላይ ጋና ብራዚልን በፍጹም ቅጣት ምት 4 ለ 3 አሸንፋ ከ20 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫን ስታነሣ ምቶቹን ያዳነው እሱ ነው። ጋና ያንን ፍጻሜ አብዛኛውን ሰዓት በ10 ሰው ነበር የተጫወተችው። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ የጋና ቡድን አባል ሆነ፤ ነገር ግን ሪቻርድ ኪንግሰን ጎሉን ስለያዘ አንዲት ደቂቃ አልተሰለፈም። ከዚያ በኋላ በደቡብ አፍሪካው ፍሪ ስቴት ስታርስ፣ በጋናው ሜዴማና በታንዛኒያው ሲምባ በኩል ዞሮ ጅማ ደረሰ። በ19 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ልጅ፣ ከስምንት ዓመት በላይ ቆይቶ በከፋና በጅማ ቡና አገር ሌላ ዋንጫ አነሣ። ይህንን ውድቀት ብሎ የሚጠራው ማን ነው? እኔ ጽናት ነው የምለው።

ኢትዮጵያ ለመንገደኛ በረኞች ማረፊያም መነሻም ሆናለች። ኡጋንዳዊው ዴኒስ ኦኒያንጎ በ1990ዎቹ መጨረሻ ከአገሩ ክለብ ኤስሲ ቪላ ወጥቶ መጀመሪያ ያረፈው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤት ነው። ቀጥሎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ፤ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ገብቶም ለቢድቬስት ዊትስ በውሰት እስከ መሰጠት ደርሶ ተራውን ጠበቀ። በ2009 ዓ.ም. በአፍሪካ ውስጥ ከሚጫወቱ ሁሉ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። በዚያው ዓመት ቅዱስ ጊዮርጊስ ከኢትዮጵያ ክለቦች የመጀመሪያው ሆኖ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ ውስጥ ሲገባ ከሰንዳውንስ ጋር ተደለደለ። የጊዮርጊስ በረኛ ደግሞ በኡጋንዳ ብሔራዊ ቡድን ከኦኒያንጎ ኋላ ተራውን ሲጠብቅ የኖረው ሮበርት ኦዶንካራ ነበር። አገራቸው ለሁለቱ አንድ ጎል ብቻ ስለነበራት ኦዶንካራ አዲስ አበባ ላይ፣ በኋላም አዳማ ላይ የራሱን ጎል አገኘ።

የተጠባባቂ በረኛ ዋጋ ምን እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን በአንድ ውድድር ተምረናል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጊላሚካኤል ጎሉን ይዞ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ አነሣን። ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ ውድድሩ ተመልሰን ኔልስፕሩት ላይ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር ገጠምን። የመጀመሪያው አጋማሽ ሳያልቅ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ። ዘሪሁን ታደለ ሰውነቱ ሳይሞቅ፣ ሜዳው ላይ 10 ሰው ቀርቶ፣ ዓለም እያየው ገባ። ከዕረፍት በፊት አንድ ጎል ቢቆጠርበትም ከዚያ በኋላ በሩን ዘጋ፤ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ጥር 21 ቀን ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ደግሞ ጎሉን የያዘው ሲሳይ ባንጫ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በቀይ ካርድ ወጣ። ቅያሪ ስላለቀ የሜዳ ተጫዋች ጓንት አጠለቀ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሦስቱም በረኞቻችን ተሰልፈው፣ አራተኛ ሰው አስፈለገን። ከዚያ ወዲህ «ሦስተኛ በረኛ ምን ይሠራል?» ብሎ ለሚጠይቅ መልሱ ይኸው ነው።

የተጠባባቂነት ሙያ የሚለካው ማንም በማያይበት ሰዓት ነው። ጠዋት ልምምድ ላይ ሁለተኛው በረኛ ከመጀመሪያው እኩል ይወድቃል፤ ከሰዓት ግን ቁጭ ይላል። ጨዋታ ሳይኖረው የጨዋታ ስሜቱን ማቆየት አለበት፤ ቦታውን የያዘበትን ሰው ራሱ ነው በኳስ የሚያሟሙቀው። ክፉ ሳይመኝለት ተዘጋጅቶ መጠበቅ የባሕርይ ፈተና ነው። ኮንትራቱ ሲያልቅ ታኬታውንና ጓንቱን ይዞ ይሄዳል፤ አዲስ ከተማ ደርሶም አራት ተከላካዮችን በስማቸው፣ በፍጥነታቸውና በሚፈሩት ነገር ከዜሮ ያጠናል። በረኛ ከኋላ ሆኖ የሚያዝ ሰው ስለሆነ፣ ካላመኑት ድምፁ ባዶ ነው።

ክለቦቻችን በረኛ ከውጭ ማምጣታቸው የአገር ልጅን ቦታ ይዘጋል የሚል ቅሬታ አለ። ቅሬታው እውነት አለው፤ ከላይ ያልኩት ሒሳብ ለሁሉም ይሠራልና። ነገር ግን በሩን በአጄይ ላይ ብንዘጋው ለመቻራው ልጅ በራሱ ጊዜ አይከፈትለትም። ለአጥቂ ኳስና ሜዳ ሊበቃው ይችላል፤ በረኛ ግን አወዳደቁን የሚያርም ሰው ያስፈልገዋል። ክርን ቀድሞ መሬት ከነካ ይጎዳል፤ ታፋ፣ ዳሌ፣ ትከሻ በተራ መውረድ እንዳለባቸው የሚያሳየው ሰው ያሻዋል። የበረኛ አሠልጣኝ ከትላልቅ ክለቦች ወርዶ ወረዳ ቢደርስ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት እንኳ ቢሆን፣ ብዙ ይለወጣል።

መንገዱማ አለ። ከመቻራ ተነሥቶ ገለምሶንና በዴሳን አልፎ ጭሮ ይደርሳል። ጭሮ ላይ አስፋልቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ አዳማና አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ድሬዳዋ። በሁለቱም አቅጣጫ ክለብ አለ፤ ድሬዳዋ ስታዲየም ደግሞ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ከጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የአገሪቱን በረኞች ሁሉ በተራ አስተናግዷል።

እንግዲህ ወደ ቀዩ አፈር ልመለስ። አንድ ጎኑ ብቻ የቀላ ልጅ በሚቀናው በኩል ብቻ የሚወድቅ ልጅ ነው፤ የሚያርመው አላገኘምና የፈራውን ጎኑን ንጹህ አድርጎ ይኖራል። አጥቂ ይህንን ከሁለት ምት በኋላ ያውቅበታል። ሁለቱም ጎኑ ቀልቶ ከሜዳ የወጣ ቀን ግን የጭሮ መኪና ላይ ብታሳፍሩት አይቆጫችሁም።