የቅሬ ደብተርና የክብር መዝገብ
በደሴ ከተማ ስለ ሞት ምዝገባ የቀረበ አነስተኛ ጥናት

በደሴ ከተማ ፒያሳ በሚባለው ሠፈር ሰው የሞተ እንደ ሆነ ወሬው ከቤት ወደ ቤት ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የቅሬው ለፋፊ ይጣራል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ሟቹ ሙስሊም ከሆነ በዚያው ዕለት፣ ክርስቲያንም ከሆነ ብዙ ሳይቆይ ይቀበራል። በወሎ ቅሬ የሚባለው በአዲስ አበባ እድር ከሚባለው ማኅበር ጋር አንድ ነው። ከሁለቱም ሃይማኖት ወገን ቃሬዛ የሚያነሣ፣ መቃብር የሚቆፍር፣ ንፍሮና ቡና ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ሰው ያወቀው ሞት በመንግሥት መዝገብ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣና ምን እንደሚያስከትል ለመግለጥ እሞክራለሁ።

ባለፈው ክረምት ወደ ደሴ በሄድሁ ጊዜ ባለቤታቸው በ2003 ዓ.ም. ያረፉባቸውን አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። ቤቱ በሟቹ ስም ስለ ነበረ ወደ ወራሾች ለማዛወር ሲፈልጉ፣ መጀመሪያ የተጠየቁት ሰውዬው መሞታቸውን የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። «ልጄ፣ ደሴ ሁሉ የቀበረውን ሰው ሞቷል ብላችሁ መስክሩልኝ እያልሁ ልለምን?» አሉኝ። በመጨረሻ ቃሬዛውን የተሸከሙ ሁለት ጎረቤቶች በፍርድ ቤት መሰከሩ፤ የቅሬው ዳኛም የማኅበሩን ደብተር ይዘው ቀረቡ። ስለዚያ ሞት በጽሑፍ የተገኘው ይህ ብቻ ነበረ። ከቀኑ ሥር የሰፈረውም የከፈኑ ዋጋና የመቃብር ቆፋሪዎቹ የዳቦ ሒሳብ ነው።

ሴትዮዋ የተቸገሩት በስንፍናቸው እንዳልሆነ ሕጉን ያየ ሰው ይረዳዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚጻፍበትን መዝገብ የክብር መዝገብ፣ ጸሐፊውንም የክብር መዝገብ ሹም ብሎ ሰይሞ፣ ከቁጥር 47 ጀምሮ በብዙ አንቀጾች ደንግጓል። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የጥምቀትና የቀብር ደብተር አይ ስለ ነበር፣ እንዲህ ያለው መዝገብ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ብቻ ይመስለኝ ነበር። በእርግጥ በእንግሊዝ አገር ከ1538 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጻፉት ካህናት ናቸው። ፈረንሳይ ግን በ1792 እ.ኤ.አ. መዝገቡን ከካህናት ወስዳ ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጠች። የእኛን ሕግ ያረቀቁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድም ፈረንሳዊ ነበሩ።

ነገር ግን ያው ሕግ በቁጥር 3361 ላይ፣ እነዚህ አንቀጾች ወደፊት በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር ሥራ ላይ አይውሉም ይላል። ትእዛዙ ሳይወጣ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ለጠየቀ ሰው የምስክር ወረቀት ይሰጡ ነበር እንጂ፣ በአገሪቱ ሁሉ የሚሠራ መዝገብ አልነበረም፤ ሞት የሚረጋገጠው በምስክሮች ቃል ነበረ። የ2003ቱ ሞትም በዚህ ዘመን ውስጥ የወደቀ ነው።

ነገሩ የተለወጠው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው፤ ምዝገባውም በሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። የሞት ማስታወቂያ የሚቀርበው በቀበሌ ለተሾመው የክብር መዝገብ ሹም ሲሆን፣ ጊዜውም 30 ቀን ነው። የማስታወቁ ግዴታ በቅድሚያ ከሟቹ ጋር ይኖር በነበረው ሰው ላይ፣ እርሱ ከሌለ በዘመዶች፣ እነርሱም ከሌሉ በቅርብ ጎረቤቶች ላይ ይወድቃል። ምዝገባና የምስክር ወረቀት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወረቀቱ የሚሰጠው አስቀድሞ በመዝገቡ ላይ ከተጻፈው ነው። ስለዚህ ወረቀት የማይፈልግ ሰው ምዝገባውም የማያስፈልገው ይመስለዋል።

ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የልደት ወረቀት ትምህርት ቤትም ፓስፖርትም ይጠይቀዋል። የሞት ወረቀት የሚፈለገው ግን ቤት፣ ጡረታ ወይም የባንክ ገንዘብ የተረፈ እንደ ሆነ ነው። በኮምቦልቻ ፋብሪካ ሲሠራ ኖሮ የሞተ ሰው ባለቤቱ ስለ ጡረታው ስትል ወደ ቀበሌ ትሄዳለች፤ የቀን ሠራተኛ ወይም በሳምንቱ የሞተ ሕፃን ግን ማን ያስመዘግበዋል? የ1965 እና 66 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ የፈጃቸው ሰዎች ግምት ከአሥር ሺዎች እስከ መቶ ሺዎች የሚዋልለው፣ የሚቈጠር መዝገብ ስላልነበረ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የኤድስን ጉዳት ለመመርመር በፈለጉ ጊዜ፣ ቀብሮችን በየመቃብሩ ቦታ ማስመዝገብ ግድ ሆኖባቸዋል።

በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በያዘ ጊዜ፣ ሰው የትም ተቀብሯል፤ ወዴት እንደ ገባ ያልታወቀም አለ። አስከሬኑን ያየ ምስክር ለሌለው ቤተሰብ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሌላ መንገድ ይሰጣል። ወሬው ከጠፋ ሁለት ዓመት ያለፈው ሰው ስለ መጥፋቱ ፍርድ ቤት ውሳኔ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል። ይህን ከጠየቅኋቸው ሰዎች የሚያውቀው ጥቂት ነው።

ስለ 30ው ቀን አንድ ነገር ልጨምር። ከቀብር በኋላ በሩቅ ያለው ዘመድ ተሰብስቦ ስለ ሟቹ ቤትና ልጆች የሚመክረው ብዙውን ጊዜ በአርባው፣ በተዝካሩ ወይም በሰደቃው ላይ ነው። ያን ጊዜ ግን የሕጉ ቀን ካለፈ ዐሥር ቀን ሆኖታል። ቀኑ ቢያልፍም ምዝገባው አይከለከልም፤ ማስረጃው ግን ይበዛል። ቅሬው በቀብሩ ዕለት ስለሚጽፍ፣ ሕጉም ጎረቤትን ከአስታዋቂዎች ስለሚቈጥር፣ የቅሬው ጸሐፊ ለቀበሌው ቢያስታውቅ የሚቀል ይመስለኛል። ይህን ሐሳብ ለቅሬው ዳኛ ባቀረብሁላቸው ጊዜ ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ። መዝገቡ ስምን ከነአባትና ከነአያት ይፈልጋል፤ በደብተሩ ላይ ግን ሟቹ የተጻፉት ሠፈሩ በሚጠራቸው ቅጽል ስም ነው። ሁለቱ ጎረቤቶች በፍርድ ቤት የቆሙትም፣ ሰውዬው መሞታቸውን ከመመስከር በላይ፣ በቅጽል ስም የተጻፉት እኒያው መሆናቸውን ለማስረዳት ነበረ።