ሲያድግ ይሞላዋል

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ከልምምድ በኋላ ጠብቃኝ ከፌስታል አዲስ ኪሞኖ አውጥታ ዘረጋችልኝ። እዚህ ጅቡቲ ከተማ በፈረንሳይኛው ልማድ የጁዶውንም የጁ-ጂትሱውንም ልብስ ኪሞኖ ነው የምንለው።

«ጋሼ፣ ሁለት ቁጥር ጨምሬ ነው የገዛሁት፤ ሲያድግ ይሞላዋል» አለችኝ። ልጁ አሥር ዓመቱ ነው። እጅጌው ከጣቶቹ አልፎ ተንጠልጥሏል፤ ጨርቁም እንደ ጋቢ ወፍራም ነው።

ለፍታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ስለሆነ አሳዘነኝ። ለትምህርት ቤት ልብስ የሚሆነው ብልሃት ለኪሞኖ አይሆንም። በጁ-ጂትሱ ሰው የሚያዘው በልብሱ ነው፤ የተንዘላዘለ እጅጌ ለተጋጣሚ ማነቂያና መጎተቻ ነው። ከዚያም የሚብሰው የልጁ የራሱ ጣት እጥፋቱ ውስጥ ተጠምዝዞ ሊጎዳ መቻሉ ነው። የዓለም አቀፉ የብራዚል ጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽን ደንብ ደግሞ ከልክ በላይ ማጠርን ይከለክላል፦ ክንድ ወደ ፊት ሲዘረጋ እጅጌው ከእጅ አንጓ ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ መራቅ የለበትም። እኔ ጀማሪን አስለብሼ እጁን አዘረጋዋለሁ፤ ጫፉ አንጓው ላይ ካረፈ ልኩ ነው።

ስለ ውፍረቱ ይበልጥ እጨነቃለሁ። በካሬ ሜትር 550 ግራም የሚመዝን ድርብ ሽመና ለብርድ አገር ጥሩ ነው። ሐምሌ ላይ ኻምሲን የሚባለው ትኩስ ነፋስ ሲነፍስና ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ላብ ጠጥቶ ልጁን ያደክመዋል። ለዚህ ከተማ 350 ግራም ገደማ የሆነውን፣ ስስና ነጭ የሆነውን እመክራለሁ። የታላቅ ወንድም የጁዶ ኪሞኖ ካለም መግዛት አያስፈልግም። ጁዶ እዚህ አገር እንግዳ አይደለም፤ ሳሊ ራጊብ እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ ጅቡቲን ወክላ ታግላበታለች። ልብሱም ለጁ-ጂትሱ ይሆናል፤ ብራዚሎች ጥበቡን የተማሩት እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ከደረሰው ጃፓናዊ ጁዶኛ ከሚትሱዮ ማኤዳ ነው።

አጠባው ላይም ብዙዎች ይሳሳታሉ። ጥጥ በሙቅ ውሃ ይሰበሰባል፤ በበጋ ከጣሪያ ታንከር የሚወርደው ውሃ ደግሞ እሳት ሳይነካው ትኩስ ነው። ልኩ የሆነን ኪሞኖ ሌሊቱን በበረደ ውሃ ማጠብ ነው የሚያዋጣው።

ለዚያች እናት ግን ተቃራኒውን ነገርኳት፦ «እህቴ፣ መጀመሪያ በፈላ ውሃ ዘፍዝፊው፤ ተሰብስቦ ሲያልቅ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ቀድሞ ከተቆረጠ ኋላ ያጥረዋል።» ውፍረቱን መቀስ ስለማይቀንሰው፣ ሙቀቱ እስኪበርድ ድረስ ልጁ ጃኬቱን የሚለብሰው በመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ቅዳሜ ሲመጣ ሳልጠይቀው እጁን ዘረጋልኝ። እጅጌው አንጓው ላይ አርፏል። ከእጅጌው የተቆረጠውን ጨርቅ እናቱ አልጣለችውም፤ ቀድሞ የሚቀደደው ጉልበቱ ነውና ሱሪው ላይ በድርብ ስፌት አስለጥፋዋለች።