መንገድ ሲሠራ የጎርፉ መሄጃ ይቅደም





መንገድ ለአንድ አገር እድገት ዋና ነገር መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። በአዲስ አበባ ከተማችን የሚሠሩትን አዳዲስ መንገዶች ስናይም ደስ ይለናል። ዳሩ ግን ለመኪናውና ለእግረኛው የታሰበውን ያህል ለዝናቡ ውሃ ሳይታሰብ ሲቀር ምን ጉዳት እንደሚደርስ ባለፈው ክረምት በዓይኔ ስላየሁ ዝም ማለት አልተቻለኝም።

ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በላይ ባለው ሰፈር አዲስ መንገድ መቆፈር የተጀመረው በግንቦት ወር ነበር። የውሃ መውረጃው ቦይ ከላይ ተከፍቶ፥ ወደ ወንዙ የሚያደርሰው የታችኛው ክፍል ሳይሠራ ቀረ። የወጣውም አፈር በቦዩ አፋፍ ላይ ተከመረ። በሰኔ አንድ ሌሊት ዝናብ በጣለ ጊዜ ጎርፉ አፈሩን ጠራርጎ ቦዩ እስካለቀበት ድረስ ወረደ፤ ከዚያ ወዲያ መሄጃ ቢያጣ ወደ ሰው ግቢ ገባ። በማግሥቱ ከተማሪዎቼ አንዲቱ ባዶ እጅዋን መጣች። «ደብተሮችሽስ?» ብላት፥ «ጋሼ፥ ጎርፍ ገብቶ ሁሉም ጭቃ ሆኑ» አለችኝ። ፈተናው ሊጀመር አራት ቀን ቀርቶት ነበር። እናትዋ በጉልት የሚተዳደሩ ሲሆኑ ለገበያ ያኖሩትን ሽንኩርትና ድንች ጭቃ ዋጠባቸው።

ይህን ጉዳይ ከተማሪዎቼ ጋር በሒሳብ አሰላነው። ርዝመቱ 1 ኪሎ ሜትር፥ ስፋቱ 20 ሜትር በሆነ አስፋልት ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 600 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል፤ ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 3,000 ማለት ነው። ሣርና አፈር ቢሆን ኖሮ ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ አስፋልት ግን ሁሉንም ወደ ታች ይልካል። ከተማችንም ከእንጦጦ ግርጌ ወደ አቃቂ ያዘቀዘቀች ስለ ሆነች ጎርፉ ቁልቁል ይሮጣል።

ምክንያቱ የመሐንዲሶች እውቀት ማነስ ነው አልልም። በመሥሪያ ቤት የምንውል ሁሉ እንደምናውቀው የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። ገንዘቡ ሲፈቀድ ዝናቡ በርትቷል፤ ጨረታና ውል ስንጻጻፍ በጋው ይጋመሳል፤ ከዚያም በጀቱ እንዳይመለስ በግንቦትና በሰኔ ጥድፊያ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አካፋና ዝናብ በአንድ ጉድጓድ ይገናኛሉ።

ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

አንደኛ፥ የወረቀቱ ሥራ በክረምቱ ወራት ተጠናቆ ቁፋሮው መስከረም ሲጠባ ይጀመር፤ ከግንቦት አጋማሽ በኋላም አዲስ ቦይ አይከፈት። ሁለተኛ፥ ቦይ ከታች ከወንዙ ተጀምሮ ወደ ላይ ይሠራ፤ መውጫ የሌለው ቦይ ጎርፍ መሰብሰቢያ እንጂ ማስወገጃ አይደለምና። ሦስተኛ፥ ከላይ የሚመጣው ውሃ ወደ ተቆፈረው ቦታ ሳይገባ በመከለያ ቦይ ወደ ጎን ይመለስ፤ የአፈሩም ክምር ከአፋፉ ይራቅ። ጭቃ ቱቦ ውስጥ ከገባ ቱቦውን ስለሚደፍነው፥ አስቀድሞ የሚዘቅጥበት ጉድጓድ ይዘጋጅለት። አራተኛ፥ ሥራው ሳያልቅ ሰኔ ቢገባ፥ ተቋራጩ ለውሃው ጊዜያዊ መሄጃ ማበጀቱን ተቆጣጣሪው በቦታው ተገኝቶ ሳያይ ክፍያ አይፈርምለት።

እኛ ነዋሪዎችም ከወቀሳ አናመልጥም። በጋውን ሙሉ ቆሻሻ የምንጥልበትን ቦይ በሐምሌ ለምን ሞላ ብሎ መጮኽ አግባብ አይደለም።

ያቺ ተማሪ ጓደኞችዋ ደብተራቸውን አውሰዋት፥ ሌሊቱን ስትገለብጥ እያደረች ተፈተነች። ጓደኞችዋ የሚመሰገኑ ናቸው። ነገር ግን የአንድ ቦይ መውጫ አስቀድሞ ቢሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ ድካም ባላስፈለገ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እኛ ግን በየዓመቱ የሚመጣበትን ወር እናውቃለን፤ አላየንም ብለን ማመካኘት አንችልም።

ከአክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከአዲስ አበባ