የመዥገርን እግር በስልክ መቁጠር

በዚህ እትም የማወራችሁ ስለ መዥገር ፎቶ ነው። አትሳቁ። እዚህ ዳምቦያ ከብት ያለው ቤት ሁሉ መዥገርን ያውቀዋል፣ ፊቱን ያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

መዥገር የሸረሪት ወገን ነው እንጂ ከሦስት አፅቄ አይመደብም። ዝንብና ጉንዳን 6 እግር አላቸው፣ ሸረሪትና መዥገር ግን 8። ይህን በፎቶ ለማየት ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ስልኩን በስክሪኑ በኩል አስተኙትና የኋላ ካሜራው መስታወት ላይ በክብሪት እንጨት አንዲት የውኃ ጠብታ አሳርፉ። ከዚያ ቀስ ብላችሁ ገልብጡት። ጠብታዋ ትንሽ ከሆነች አትወድቅም፣ ተንጠልጥላ ትቀራለች። ክብ ስለሆነች ብርሃኑን እየሰበረች እንደ አጉሊ መነጽር ትሠራለች። (ስልኩ የቤተሰብ ከሆነ መጀመሪያ አስፈቅዱ! ውኃው የቻርጀር ቀዳዳ እንዳይገባ።)

መዥገሩን ግልጽ ፕላስተር ላይ ለጥፉት፤ አይሄድባችሁም። በጣት መጨፍለቅ የለም፣ በሽታ የሚያስተላልፍ አለ። ስልኩን በጣም አስጠጉት፣ ከ1 ሳንቲ ሜትር ባነሰ ርቀት። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥት የሚፈልገው፦ እግሩ ሲጠራ ጀርባው ይደበዝዛል። ስልኩ ተበላሽቶ አይደለም። በጣም ስንጠጋ ጠርቶ የሚታየው ስስ ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ስልኩን በጥቂቱ ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ደጋግማችሁ አንሱ። ፀሐይ ላይ ሁኑ፤ የስልኩ ጥላ ካስቸገረ ነጭ ወረቀት በጎን አቁሙ፣ ብርሃኑን ይመልስላችኋል።

አምብሊዮማ የሚባለው መዥገር ወንዱ ጀርባው ላይ ብርቱካንማ ቀለም አለው፣ እግሮቹ ላይ ደግሞ ነጭ ቀለበት። ያምራል! ግን የላም ጡት ሥር የሚጣበቀው እሱ ነው። የጡቷ ጫፍ ሲቆስል ወተቱ ሊዘጋ ይችላል።

ገና የተፈለፈለውን ብታነሱ ደግሞ 6 እግር ብቻ ታያላችሁ። ታዲያ ሸረሪት ወገን ነው ማለቴ ፈረሰ እንዴ? አልፈረሰም፤ ደም ጠጥቶ ቆዳውን ሲቀይር 8 ይሆናሉ። የፊት እግሮቹን እዩልኝ፤ የሚያሸተው በእነሱ ነው። ትንፋሻችን ሲደርሰው የሚያነሳቸው ለዚህ ነው። ወደ ኋላ የዞሩትን የአፉን እሾሆች ለማየት ግን ጠብታ አይበቃም፣ ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 እ.ኤ.አ. ባወጣው መጽሐፍ ከመዥገር የሚያንሱ የሸረሪት ወገኖችን በማይክሮስኮፕ እያየ በእጁ ስሏል። የእኛም መጽሔት በእጅ ስለሚጻፍ ከጎን ያለውን ሥዕል ከስልኩ እያየሁ ሠርቻለሁ። ነጩ ቀለበት በእስክሪብቶ ስለማይወጣ ባዶ ትቼዋለሁ።